ዐጥርና ጉርብትና

ሰው ቤት ሊሠራ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጣራው ነው፤ ቀጥሎ ስለ ግድግዳው፥ ከዚያም ስለ በሩና ስለ መስኮቱ ያስባል። ዐጥሩ ትዝ የሚለው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚህም የተነሣ በብዙ ሰው ግቢ ዐጥር የሚታጠረው በተረፈ ዕንጨት፥ በተረፈ ሚስማርና በተረፈ ትዕግሥት ነው። ነገር ግን ጣራውና ግድግዳው የባለቤቱ ብቻ ሲሆኑ፥ ዐጥር የሁለት ሰው ነው፤ አንደኛው ፊቱ ወደ እኛ፥ ሁለተኛው ፊቱ ወደ ጎረቤታችን ይመለከታልና። የሁለት ሰው የሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ ከዕንጨትና ከሚስማር ሌላ ንግግርን ይፈልጋል። ይህን ቀላል ነገር ለመማር እኛ አንድ በግ አስፈልጎናል፤ በጉም የእኛ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው በደብረ ብርሃን ከተማ ነው። ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ በብርዷና በነፋሷ የታወቀች ናት። ከቆላ አገር ተዛውሮ የሚመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙን ሲቀበል መጀመሪያ የሚገዛው ብርድ ልብስ ነው። እኛ ግን ተወልደን ያደግንባት ስለ ሆነች ብርዷን እንደ ዘመድ ለምደነዋል። የምንኖርበትም ቤት ከአባታችን የወረስነው ነው።

በእኛና በጎረቤታችን ግቢ መካከል 24 ሜትር ርዝመት ያለው የባሕር ዛፍ ዐጥር ነበረ። ያጠሩትም አባታችንና የጎረቤታችን ባለቤት ናቸው። ያን ጊዜ እኛ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርንና ሥራችን ሚስማር ማቀበል ብቻ እንደ ነበረ እናስታውሳለን። አባታችን ጉድጓዱን ሲቆፍሩ እሳቸው ቋሚውን ይተክሉ፥ እሳቸው ሲደክሙ አባታችን መዶሻውን ይቀበሉ ነበር። ማን ምን ያህል ገንዘብ እንዳወጣ የሚያውቅ ሰው ዛሬ የለም፤ ሁለቱም ሰዎች ዐርፈዋልና። ያን ጊዜም ቢሆን የጠየቀ ሰው መኖሩን እንጠራጠራለን።

እኚያ ሰው ካረፉ በኋላ በግቢው የቀሩት ባለቤታቸው ናቸው። እኛ ከሕፃንነታችን ጀምሮ እማማ እያልን እንጠራቸዋለን፤ በዚህም ጽሑፍ ከዚህ ሌላ ስም አንሰጣቸውም። ልጆቻቸው አድገው አዲስ አበባ ገብተዋል። እሳቸው ጥቂት በጎች፥ ከቤታቸው ጀርባ አንድ ቁራጭ የባሕር ዛፍ ደንና የሟች ባለቤታቸው ጡረታ አላቸው። የጡረታው ሕግ ለሟች የትዳር ጓደኛ የሚሰጠው ሟቹ ያገኝ ከነበረው አበል 50 በመቶውን መሆኑን፥ የመዝገብ ሠራተኛ እንደ መሆናችን፥ ከማንም ይልቅ እናውቅ ነበር። ይሁን እንጂ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ያወቁትን በጊዜው ማስታወስ ግን ሌላ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የቋሚዎቹ ሥር በዝናብ በስብሶ ኖሮ፥ አንድ ሌሊት ብርቱ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ዐጥሩ እንዳለ ተጋደመ። የወደቀውም ወደ እኛ በኩል በጎመኑ ላይ ነበር። በማግሥቱ እማማ ጥቂት እሾህ ጎትተው በስተ በጎቻቸው በኩል ጣሉበት፤ እኛም አንድ አሮጌ በርሜል አቆምንበት። ከዚያ በኋላ እሳቸው እኛን፥ እኛም እሳቸውን መጠበቅ ጀመርን።

በዚያው ሰሞን በመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ክፍል ኀላፊ ሆነን ተሹመን ነበር። ሹመቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ትንሽ ሹመት ለለመደው ትንሽ፥ ላልለመደው ግን ታላቅ ነው። ለሚወጣና ለሚገባው ደብዳቤ ሁሉ ቁጥር መስጠት ስንለምድ፥ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ በደብዳቤ የሚፈጸም መስሎን ነበር። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ወረቀትና እርሳስ ይዘን፥ የወደቀውን ዐጥር በሜትር ለክተን፥ የሚከተለውን ሒሳብ አወጣን።

ሠላሳ ቆርቆሮ እያንዳንዱ በ260 ብር፥ 7,800 ብር፤ 17 ቋሚ እያንዳንዱ በ90 ብር፥ 1,530 ብር፤ 18 ማገር እያንዳንዱ በ50 ብር፥ 900 ብር፤ 6 ኪሎ ሚስማር በ45 ብር፥ 270 ብር፤ ለሁለት ሠራተኞች የሦስት ቀን ዋጋ በቀን 150 ብር፥ 900 ብር። ድምሩ 11,400 ብር ሆነ፤ ለሁለት ሲካፈል የያንዳንዳችን ድርሻ 5,700 ብር ይደርሳል። ይህም ከአንድ ወር ደመወዛችን የሚበልጥ ነበር። ሒሳቡ ሳንቲም ስንኳ ሳይተርፍ እኩል ስለ ተካፈለ በጣም ደስ አለን። ሒሳብ የሠመረለት ሰው ፍርድም የሠመረለት ይመስለዋል።

ከዚህ በኋላ ደብዳቤውን ጻፍን። በራስጌው ቀኑን፥ ከቀኑ በታች «ጉዳዩ፦ የጋራ ዐጥር ወጪን ስለ መካፈል» የሚለውን አስቀመጥን። በመካከሉ ዝርዝሩን፥ በመጨረሻውም ይህ ደብዳቤ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ድርሻቸውን እንዲያሳውቁን በአክብሮት የምንጠይቅ መሆናችንን ገለጽን። ፈርመንም በልጃችን እጅ ሰደድነው።

ለምን ጻፍን? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ራሳችንን ጠይቀናል። በርና በራችን ተያይቶ እየዋለ፥ ሄደን መናገር እንችል ነበር። እውነቱን ለመናገር አፋችን አፍሮ ነው። በልጅነታችን እናታችን ገበያ በሄዱ ጊዜ እንጀራ ያበሉንን ሴት ገንዘብ አምጡ ማለት ከብዶን ነው። ወረቀት ግን አያፍርም፤ ፊቱ አይቀላም፤ ድምፁም አይንቀጠቀጥም። እኛ ለመናገር ያፈርንበትን ነገር ወረቀቱ እንዲናገርልን ላክነው። ሰው በአፉ ሊናገረው የሚያፍርበትን ነገር ከመጻፉ በፊት ግን፥ የሚያሳፍረው ምን እንደ ሆነ ቢመረምር ይበጀው ነበር።

የእማማ ዐይን ከደከመ ቆይቷል። ይህንንም እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን ደብዳቤውን ስንጽፍ ማን ያነብላቸዋል ብለን አላሰብንም። ደብዳቤው በደረሰ ጊዜ ሦስት የሰፈር ሴቶች ቡና ሊጠጡ ተቀምጠው ነበር። እሳቸውም ከአዲስ አበባ ከልጆቻቸው የመጣ ደብዳቤ መስሏቸው፥ በግቢያቸው የሚኖረውን ተማሪ ጠርተው አንብብልኝ አሉት። ተማሪውም በክፍል ውስጥ እንደሚያነብ ሁሉ ቆሞ፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ ከ«ጉዳዩ» ጀምሮ እስከ ፊርማው ድረስ አነበበላቸው። ቆርቆሮውን፥ ሚስማሩን፥ 5,700 ብሩንና 10 ቀኑን ሁሉም ሰሙ። ፀሓይ ሳትጠልቅ፥ የእገሌ ልጅ አሮጊቷን ከሰሳቸው የሚል ወሬ በሰፈሩ ተዛመተ።

ወሬውን ይዘውልን የመጡት ባለቤታችን ናቸው። መሶቡን አቅርበው ሲያበቁ፥ «ደብዳቤህ ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው፤ እሱንም ከመሥሪያ ቤት ይዘህ ና» አሉን። ከዚያ በኋላ በዚያ ምሽት በቤታችን ብዙ ነገር አልተነገረም።

ጥፋታችንን ያን ጊዜ አውቀን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባጭሩ በቀረ ነበር። እኛ ግን ያፈርነውን ያህል ተቈጣን። ደብዳቤ መጻፍ ወንጀል ነውን? የጠየቅነው የራሳችንን ድርሻ እንዲከፍሉልን ነውን? እያልን በልባችን ተከራከርን። ዐሥሩም ቀን አለፈ፤ መልስ አልመጣም። እማማ በመንገድ ስንገናኝ እንደ ወትሯቸው «ደኅና አደርክ ልጄ» ይሉናል፤ የቡና ጥሪ ግን ቀረ። ሰላምታቸው ባይኖር ኖሮ ይቀለን ነበር።

እኛም ለሁለተኛ ደብዳቤ ስንዘጋጅ፥ ሕግ ምን እንደሚል ለማወቅ ሕግ የተማሩ ወዳጆቻችንን ጠየቅን፤ መጻሕፍትም አገላበጥን። በዚህም ፍለጋ ያገኘነውን ለአንባብያን ማካፈል አይከፋም። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 663፥ በከተማ የሚኖር ሰው ግቢዎቻቸውን የሚለየውን ዐጥር ለመሥራትና ለማደስ ጎረቤቱ ወጪ እንዲያዋጣ ለማስገደድ ይችላል ይላል። ሌላ ደንብ ወይም ልማድ ከሌለም 50,000 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሕዝብ ባለበት ከተማ የዐጥሩ ግንብ ከፍታ 3 ሜትር ከ20፥ ከዚያ ባነሰው ከተማ 2 ሜትር ከ60 እንዲሆን ወስኗል። ይህን ባነበብን ጊዜ፥ የአገራችንን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ መሆናቸውን ስለምናውቅ፥ የድል መንገድ የተከፈተልን መስሎን ነበር።

ነገር ግን ያው የፈረንሳይ ሕግ ጥቂት አንቀጾች ቀደም ብሎ፥ በአንቀጽ 656፥ ሕንፃው በጋራው ግድግዳ ላይ ያልተደገፈ ሰው፥ በግድግዳው ላይ ያለውን የጋራ መብት በመተው ከወጪው ነጻ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ሕግ እንኳ ላልቻለው ወይም ላልፈለገው ሰው መውጫ በር ሲተው፥ እኛ ለእማማ የተውንላቸው 10 ቀን ብቻ ነበር። የአገራችንም ሕግ በአንቀጽ 1225፥ ባለሀብት የሆነ ሰው በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን በጭስ፥ በጥላሸት፥ በመጥፎ ሽታ፥ በድምፅና ይህን በመሰለ ነገር ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ እንዳያውክ ይከለክላል። «መልካም ጉርብትና» የሚለውን ቃል ባነበብን ጊዜ መጽሐፉን ዘጋነው። ጭስና ጥላሸት ወደ ጎረቤት ግቢ መስደድ ከተከለከለ፥ እንደኛ ያለውን ደብዳቤ መስደድ ምን ሊባል ነው?

የከተማ ቦታን በሚመለከት ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ጀምሮ መሬቱ የግለሰብ አይደለም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ደግሞ የያንዳንዱ ይዞታ ወሰን በልክ ተቀይሶ እንዲመዘገብ አዝዟል። ይህ ሁሉ መልካምና አስፈላጊ ነው። ካርታ ድንበሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያሳያል። በዚያ ድንበር ላይ ቋሚውን ማን ይሸከም፥ ጉድጓዱን ማን ይቆፍር፥ የሌለው ሰው እንዴት ይደረግ የሚለውን ግን ካርታ አያሳይም።

መጽሐፉን ዘግተን ሄደን መናገር ሲገባን፥ ነገ እንሄዳለን እያልን ቀናት አሳለፍን። እንዲህ እያለ ነሐሴ 20 ቀን ደረሰ። በዚያች ሌሊት ዝናቡ አባርቶ ጉም ወርዶ ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በስተ ዐጥሩ በኩል አንድ የመሰበር ድምፅ ሰማን፤ ቀጥሎ የበጎች ሩጫ፥ ከዚያም ዝምታ ሆነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፥ የእኛ ውሻ የጮኸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፋኖስ ይዘን ስንወጣ በርሜላችን ተገልብጦ አገኘነው። ጅቡ በእኛ በር ገብቶ፥ በእኛ ጎመን መካከል አልፎ፥ በወደቀው ዐጥር ተሻግሮ አንዲት እናት በግ ወስዷል።

ጠዋት ለሥራ ለብሰን ስንወጣ እማማ በክፍተቱ አጠገብ ጎንበስ ብለው በጭቃው ላይ የቀረውን ፀጉር ሲለቅሙ አየናቸው። ቀና ብለው «ልጆቹ ደነገጡ እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ስለ በጓ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኛ ልንመልስ ብንሞክር ቃል አጣን። ያን ቀን ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቀን ቀርተን፥ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር እሾህ ቆርጠን ክፍተቱን እስከ ማታ ዘጋነው። ለሃያ ቀን የከበደን ሥራ የአንድ ቀን ሥራ ሆኖ ተገኘ።

በማግሥቱ ባለቤታችን ቡና ይዘው፥ እኛም የአባታችን ወዳጅ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ይዘን ወደ እማማ ቤት ሄድን። ሽማግሌው ነገሩን ገና ሊጀምሩ ሲሉ እማማ በእጃቸው አቁመዋቸው ወደ እኛ ዞሩ።

«ልጄ፥ ከበርህ እስከ በሬ ስንት እርምጃ ይሆናል?» አሉን።

ሃያ ቢሆን ነው ብለን መለስን።

«ታዲያ ያ ደብዳቤ በየት በኩል ዞሮ መጣ?»

አንገታችንን ደፋን። እሳቸውም ቀጥለው፥ «ገንዘብ የለኝም ብዬ ላንተ ብነግርህ ነውር አልነበረም፤ አባትህም ያውቁት ነበር። ነውር የሆነብኝ የሌለኝ ገንዘብ በተማሪ አፍ ሲነበብ ነው» አሉ። በጓን ልንከፍል እንደምንፈልግ በነገርናቸው ጊዜ ግን እንቢ አሉ። «በጓን የበላት ጅብ ነው። ዐጥሩን ክፍት አድርገን ያሳደርነው ሁለታችን ነን። እኔም መጥቼ መናገር እችል ነበር፤ ኮራሁ። ስለዚህ የበጓም ወጪ የጋራ ይሁን፤ ያንተን ድርሻ ትናንት እሾህ ስትቆርጥ ከፍለሃል።»

እኛ በሒሳባችን ውስጥ ያላስገባነው የወጪ ዐይነት ይህ ነበር። የቆርቆሮውን፥ የሚስማሩንና የሠራተኛውን ዋጋ ቈጥረናል፤ የዝምታን ዋጋ ግን አልቈጠርንም። የዝምታውንም ወጪ እሳቸው ሊካፈሉት ሲነሡ፥ ከእኛ ይልቅ ማካፈል የሚያውቁት እሳቸው መሆናቸውን ተረዳን።

ከዚያ በኋላ ስለ ዐጥሩ ተነጋገርን። «ገንዘብ የለኝም፤ ዛፍ ግን አለኝ» አሉ። ስለ ቆርቆሮውም በጠየቅናቸው ጊዜ ሣቁ። በዚህ አገር ነፋስ ላይ ቆርቆሮ ማቆም ሸራ ለመርከብ እንደ መስቀል ነው፤ ነፋሱ ገፍቶት ቋሚውን ይነቅለዋል፤ በዕንጨት ዐጥር ግን ነፋሱ በስንጥቁ እያለፈ ኀይሉ ይቀንሳል ብለው አስረዱን። ሽማግሌውም እውነት ነው ብለው መሰከሩ። በዚህም ሁኔታ ከ11,400 ብር ውስጥ 7,800 ብሩ በአንድ አፍታ ጠፋ። እኛ ያን ያህል ቀን የተጣላንበት ገንዘብ አብዛኛው የማያስፈልግ ነበር።

ሥራው የተጀመረው ዝናቡ ካቆመ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት፥ መሬቱ ገና ሳይደርቅ ነው። ዕንጨቱ በሙሉ ከእማማ ደን ተቈረጠ። እኛ የአስቈራጭና የማጓጓዣውን፥ የሁለት ሠራተኞች የስድስት ቀን ዋጋና የሚስማሩን ቻልን፤ በጠቅላላው 2,600 ብር አወጣን። ቋሚዎቹ ቶሎ እንዳይበሰብሱ በመሬት የሚቀበረውን ጫፋቸውን በእሳት ለብልበን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባነው፤ ጉድጓዱንም ከአንድ ክንድ በላይ አጥልቀን በድንጋይ ጠቀጠቅነው። ምሳውን አንድ ቀን እማማ፥ አንድ ቀን ባለቤታችን ሠሩ። ዕንጨቱ በገበያ ዋጋ ቢተመን ከእኛ ገንዘብ ይብለጥ ወይም ይነስ እንደ ሆነ ልናሰላ እርሳስ አንሥተን ነበር፤ ነገር ግን መልሰን አስቀመጥነው።

ዐጥሩ ያለቀ ዕለት እማማ ወደ ቤታቸው ገብተው አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዘው ወጡ። ያ ደብዳቤያችን ነበር። ሊቀዱልን ነው ብለን ስንጠብቅ፥ «ጀርባው ባዶ ነው፤ አሁን ጻፍ» አሉን። «እኔና አንተ ተነጋግረናል። ነገ ግን እኔ የለሁም፤ ልጆቼና ልጆችህ ይህን አያውቁም። ዐጥሩ የሁለታችን መሆኑን፥ ዕንጨቱ ከማን፥ ሥራው ከማን እንደ ሆነ ጻፍ» አሉ። እኛም በደብዳቤው ጀርባ ጻፍን፤ በየዓመቱ ክረምት ሲያልፍ ሁለታችን ዐጥሩን አብረን እንድናይ፥ የተበላሸውንም አብረን እንድንጠግን ጨመርንበት። ሽማግሌው ምስክር ሆነው ፈረሙ፤ እማማ የጣት አሻራቸውን አኖሩ። አንዱን ቅጂ እኛ፥ ዋናውን እሳቸው ያዙ። በአንዱ ገጹ ላይ ጥፋታችን፥ በሌላው ገጹ ላይ እርቃችን ያለበት ወረቀት ዛሬም በሳጥናቸው ውስጥ አለ።

ከዚህ የተማርነውን ባጭሩ እንናገር። ጽሕፈት ክፉ ነው አንልም፤ እንጀራችን ነውና። ነገር ግን ጽሕፈት ከንግግር በኋላ ሲመጣ ስምምነትን ይጠብቃል፤ ከንግግር በፊት ሲመጣ ግን ክስ ይመስላል። ከጎረቤቱ ጋር ዐጥር ሊያጥር የሚነሣ ሰው እንግዲህ ስንት ሜትር ነው ከማለቱ በፊት ሄዶ ቡና ይጠጣ። እኩል መካፈልም ሁልጊዜ ትክክለኛ መካፈል እንዳይመስለው ይጠንቀቅ፤ አንዱ ገንዘብ፥ ሌላው ዕንጨት፥ ሌላው ጉልበት ይኖረዋልና። በጎረቤቱ አቅም ላይ የማያስፈልግ ቆርቆሮ የሚጭን ሰው ቢኖር ደግሞ የቆርቆሮውን ዋጋ ራሱ ይክፈል። ነገሩ በአፍ ካለቀ በኋላ ይጻፍ፤ የሚጻፈውም ዛሬ ለሚኖሩት ሳይሆን ነገ ለሚመጡት ነው።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት እንደ ልማዳችን ከእማማ ጋር ዐጥሩን ከዳር እስከ ዳር ዞርነው። እሳቸው በምርኵዛቸው፥ እኛ በእጃችን እያንዳንዱን ቋሚ እየገፋን አየን። አራት ቋሚዎች ተነቃንቀው አገኘንና ለወጥናቸው፤ ዕንጨቱ ከእሳቸው ደን፥ ጉድጓዱ ከእኛ ጉልበት ነበር። ሚስማሩን ያቀበለን ልጃችን ነው።